ጥርስ የማይጠራበት ዌብሳይት

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ በሚታጠፈው ጠባብ መንገድ ላይ «ቁልፍ ይቀረጻል» የሚል ሰሌዳ ያላት አንዲት ሱቅ አለች። ባለቤቱን የሚያውቀው ሁሉ «ባለቁልፉ» ይለዋል። ሞርሳ አለው፣ ሞረድ አለው፣ ግድግዳው ላይ በሽቦ የተሰካኩ ያልተቀረጹ ቁልፎች አሉት። የሌለው ነገር ቢኖር ቁልፍ የመቅረጽ ችሎታ ነው። እሱ የቀረጸው ቁልፍ እስከ ዛሬ አንድ በር አልከፈተም። እጅግ የተዋጣለት የተባለው እንኳ የበሩ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና እዚያው ተሰብሮ ይቀራል።

ሰውዬው ጥርስ ሠሪ ነው።

ከመደርደሪያው ኋላ አበባ የታተመበት መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ ጄሶ፣ ሰም፣ ትንሽ ምድጃ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ አምፖልና በያይነቱ የተደረደረ መንጋጋ። ባለቁልፉ እዚያ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ከመደርደሪያው ፊት ሲያንቀላፋ የሚውለው ሰውዬ እዚያ ውስጥ ድድ በጣቱ ዳብሶ የት ጋ እንደሚቆረቁር ከባለድዱ ቀድሞ ይናገራል። ምግብ ቤት አጠገብ ሲያልፍ በመስኮቱ ቆም ብሎ ያያል፤ የሠራው ጥርስ ሥጋ ሲያደቅ ካየ ቀኑን ሙሉ ያፏጫል።

ታዲያ ቁልፍ ከየት መጣ? ሱቁን ሲከፍት ፀጉሩ ገና ጥቁር ነበር። ያኔ ሰሌዳው ላይ ያሣለው እስከ ጆሮው የሚስቅ አንድ ትልቅ አፍ ነው፤ ከሥሩም «ሰው ሠራሽ ጥርስ በጥራት እንሠራለን» ይላል። አንድ ሙሉ ክረምት ሰው ሳይገባ አለፈ። መግባቱ ቀርቶ ሰዉ ሱቁ ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገር ጀመር። በዚያ ሰፈር ጉልበቴን አመመኝ፣ ዓይኔ ደከመ፣ ኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር አለ ማለት ጨዋታ ማሳመሪያ ነው፤ ጥርሴ አለቀ ማለት ግን ከሰው ተራ መውጣት ነው። ሰዉ ሾርባውን እየማገ «ሥጋ ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ይላል እንጂ የሚያኝክበት እንደሌለው ትንፍሽ አይልም።

በስተመጨረሻ አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አስተማሪ አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው ገቡና፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቁልፍ ትቀርጻለህ?» አሉ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «የላይኛው ሙሉ በሙሉ ሄዷል፣ ልጄ። ድረስልኝ» አሉት።

ባለቁልፉ ጮሌ ነው፤ ወዲያው ገባው። በሳምንቱ የሚስቀው አፍ ወርዶ «ቁልፍ ይቀረጻል» ተሰቀለ። ሰዉም ጎረፈ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ጥርስ የፈለገ ቁልፍ ይዞ ይመጣል፣ ስለ ቁልፍ ጮክ ብሎ ያወራል፣ ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ አፉን ይከፍታል። ሲወጣ ደግሞ አዲስ ቁልፍ በእጁ ሊታይ ግድ ነው፤ ባዶ እጁን ከወጣ ይታማላ! በዚህ የተነሳ በሰፈሩ ምንም የማይከፍት የቁልፍ መዓት አለ። አስተማሪው አንድ በር ብቻ ባላት ቤታቸው የሚያንጠለጥሉት የቁልፍ ዘለላ የእስር ቤት ዘበኛ ያስቀናል።

ሌላም ጉድ አለ። ባለቁልፉ ሙያውን ሲማር የሚለማመድበት አፍ አጥቶ፣ ገና ያገባትን ሚስቱን ጄሶ አስነክሷት ነበር። እሷ ያኔ ስትስቅ መንገደኛ ዞሮ የሚያያት ሴት ነበረች። ከፊት ጥርሶቿ የግራዋ በቀኟ ላይ ትንሽ ደገፍ ትላለች፣ ለጓደኛዋ ወሬ እንደምታቀብል ዓይነት። ቅርጹ ወጣና ከመጋረጃው ኋላ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ «የሚያምር ጥርስ ሥራ» ሲባል የባለቁልፉ እጅ የሚያውቀው እሱን ብቻ ሆነ። ወፍራም ይምጣ ቀጭን፣ ሾፌር ይምጣ ዳኛ፣ ያችን ደገፍ ያለች ጥርስ ጣል ያደርግለታል። ስለዚህ የሰፈሩ ሽማግሌና ባልቴት ሁሉ የሚስቀው አንድ ሳቅ ነው። እንግዳ ሰው ሲመጣ «እዚህ ሰፈር ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። የሰፈሩ ሰው ግን አያስተውልም፤ የሌላውን ጥርስ ካየ የሌላውም ዓይን ወደ እሱ ጥርስ ይመጣላ። ሚስቲቱም ራሷ ይህን አታውቅም። ባሏ ጥርስ እንደሚሠራ ታውቃለች፤ የማንን ጥርስ እንደሚሠራ ጠይቃም አታውቅ።

እንግዲህ እንዲህ ተሸፋፍኖ የሚኖር ሥራ አንድ ችግር አለበት፤ ማንም ለማንም አይናገርለትም። ጎበዝ ጫማ ሠሪ ያገኘ ሰው ለጎረቤቱ ይጠቁማል። ጎበዝ ጥርስ ሠሪ ያገኘ ሰው ግን አፉን ይዘጋል። የባለቁልፉ ደንበኞች አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ጋ ለመኖር ሰፈር ቀየሩ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከነፈገግታቸው ተቀበሩ። በምትካቸው የሚመጣ የለም። ዋናው መንገድ ላይ ፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት የሆነ የጥርስ ክሊኒክ ሲከፈት ደግሞ ወጣቱ ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ግን እዚያ አይሞክሩትም፤ ወንበሩ ላይ አፍ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀምሮ ይታያል።

«ሰውዬ፣ ሰው ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን።

«ይመጣል።»

«ከየት? ከሰማይ?»

«ከ… ወዲያ ወዲያ ነዋ።»

«ስማኝ። ወንድም ጋሼ መጋዘኑ በር ላይ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። የሚገባና የሚወጣ ጆንያ መቁጠር ነው፤ ምን ያቅታል? ክረምት እስኪገባ እጠብቅሃለሁ። ሰው ካልመጣ ሱቁን ዘግተህ እሱ ጋ ትገባለህ።»

ባለቁልፉ ሞረዱን መዋጥ ይቀለው ነበር። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ባለመጋዘኑ ሰው ሲያናግር እንደ ጆንያ ነው የሚያራግፈው። ደግሞ ያንኑ ቀልድ በየቀኑ ይናገርና ቀድሞ ራሱ ይስቃል። ሳቁ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ባለቁልፉ ሳቁን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የላይኛውንም የታችኛውንም የሠራው እሱ ነው። ባለመጋዘኑ የሚመጣው በጓሮ በር ነው፤ ክንድ የሚያህል የመጋዘን ቁልፍ ይዞ። ይህንንም እህቱ አታውቅም፤ ባለቁልፉ የደንበኛን ምስጢር ለሚስቱም አያወራም። ግን ከሁሉ የከፋበት ጩኸቱም ቀልዱም አልነበረም። ጆንያ አፍ የለውም። ዕድሜውን ሙሉ አፍ ሲያይ የኖረ ሰው በየትኛው ልቡ ጆንያ ሲያይ ይዋል?

የሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ ዌብሳይት ካሠራ ወዲህ ሥራው ደርቷል ተባለ። ባለቁልፉም የጎማ ጠጋኙን ዲዛይነር አስጠራ።

ዲዛይነሯ ላፕቶፗን በጀርባዋ አንግታ የምትዞር፣ ፈጣን አንደበት ያላት ወጣት ናት። መጣች፣ ከመደርደሪያው ፊት ተቀመጠች፣ ላፕቶፗን ከፈተች።

«እሺ ጋሼ፣ መጀመሪያ ዕቅድ እናውጣ። ዋና ሥራዎ ምንድን ነው?»

ባለቁልፉ አፉን ሊከፍት ሲል ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቱ የልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪና ዝም አለ። ግድግዳው ጣውላ ነው። መኪናዋ ዝም አለ ማለት ጆሮዋ ሥራ ጀመረ ማለት ነው።

«ቁልፍ» አለ።

«ደንበኞችዎ እነማን ናቸው?»

«ትልልቅ ሰዎች። ከሃምሳ ወዲያ ያሉ።»

«ወጣቶችስ?»

«ወጣት እኮ ገና የራሱ አለው።»

ጻፈችው። ደግማ አነበበችው። «እ… ተወዳዳሪዎ ማነው?»

«ክሊኒኩ።»

«ዋናው መንገድ ላይ ያለው? ክሊኒክ ቁልፍ ይቀርጻል እንዴ?»

«ይቀርጻል አሉ። ያውም ሰው ፊት!»

«እሺ፣ ይሁን። የእርስዎን ቁልፍ ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው?»

«አይቆረቁርም።»

«ምኑን ነው የማይቆረቁረው?»

ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። «ኪስ!» አለ ባለቁልፉ ደንግጦ። «ኪስ አይቆረቁርም።»

«ስንት ጊዜ ያገለግላል?»

«በደንብ ለያዘው ዕድሜ ልክ ነው። ማታ ማታ አውልቆ ውኃ ውስጥ ካሳደረው።»

«ቁልፉን?»

«ቁልፉን።»

ዲዛይነሯ ላፕቶፗን ከደነች። «ጋሼ፣ እኔ የስንት ሰው ሥራ ሠርቻለሁ፤ ጎማ ጠጋኙ እንኳ እንዲህ አላንገላታኝም። እየቀለዱብኝ ከሆነ በጊዜ ይንገሩኝ።»

ባለቁልፉ እጅጌዋን ይዞ ወደ መጋረጃው ኋላ ጎተታት። አምፖሉን አበራ። ልጅቷ መደርደሪያ ሙሉ መንጋጋ ፊቷ ሲደቀን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ሰሙ ላይ ልትቀመጥ ትንሽ ቀራት።

«ይሄ… የሰው ነው?»

«ገና ይሆናል።»

ቀስ ብላ ቀረበች። አየች። ደግማ አየች። «ጋሼ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ሰው ናቸው እንዴ?»

ባለቁልፉ ጆሮው ድረስ ቀላ። የሚስቱን ነገር ከቅርጹ ጀምሮ አንድ ሳያስቀር በሹክሹክታ ነገራት። ዲዛይነሯ እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችው፤ ይሳቅ ይለቀስ አልታወቃትም።

«ውይ ጋሼ! እና ዌብሳይቱ ምን እንዲያደርግልዎ ነው የሚፈልጉት?»

«ጥርስ የፈለገ ሰው ሁሉ እንዲያገኘው። ግን ጥርስ የሚል ቃል እንዳይኖርበት። ሲያነብ የታየ ሰው ደግሞ ቁልፍ የሚፈልግ እንዲመስል።»

«ሁሉም የሚፈልገው፣ ማንም ሲያየው መታየት የማይፈልገው…» አለች ልጅቷ እያሰበች። «ጋሼ፣ ይሄ ዌብሳይት አይባልም። ኃጢአት ነው የሚባለው።»

ሆኖም ሥራ ወዳድ ናት፤ ተያያዘችው። ስለ አድራሻው ተከራከሩ። እሷ ሱቁ ካርታ ላይ በግልጽ ይታይ ትላለች። እሱ ምልክቱ ፖስታ ቤቱ ላይ ይሁን ይላል፤ ፖስታ ቤት ሲገባ የታየ ሰው አይታማም። ስለ ደንበኞች አስተያየትም ተከራከሩ። እሷ፣ ሰው የሚያምነው የተጠቀመ ሰው ሲመሰክር ነው አለች። ባለቁልፉ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ከመጋረጃው ኋላ ጠየቃቸው። ስማቸው እስካልተጻፈና ስለ ቁልፍ ብቻ እስከሆነ ድረስ እሺ አሉ። አንዱ «ይህን ቁልፍ ካስቀረጽሁ ወዲህ ንግግሬ ተስተካክሏል» አለ። አንዷ «ለውዝ ትቼ ነበር፤ ለዚህ ቁልፍ ምስጋና ይግባውና ተመልሼ ጀምሬያለሁ» አለች። ባለመጋዘኑ ደግሞ በጓሮ በር መጥቶ፣ «የፈለገውን ያህል ስስቅ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ምርጥ ቁልፍ!» ብሎ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይሄን ያነበበ ሰው አእምሯችን እንደተነካ ነው የሚያስበው።»

«ይለጠፍ ግድ የለም። የገባው ይገባዋል።»

የቀረው ፎቶ ነው። ፎቶ የሌለው ገጽ ሰው የለቀቀው ቤት ይመስላል አለች ዲዛይነሯ። ከቁልፎቹ የተሻለውን መርጠው ፎቶ አነሱት። ቁልፉ ሲጎላ ይበልጥ ተጣመመ፤ በምስማር ቤት ሰብሮ የሚገባ ሌባ የጣለው ይመስላል። የደንበኛ አፍ ፎቶ ማንሳት ደግሞ የማይታሰብ ነው።

«ታዲያ ባለቤትዎን እናንሳቸዋ!» አለች ዲዛይነሯ። «የሳቸው የራሳቸው ነው። የራሱ ጥርስ ያለው ሰው ፎቶ ማንንም አያጋልጥም።»

ባለቁልፉ አሰላሰለው። ልክ ነው። የሚስቱ የሚስቱ ነው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሳቅ የሚስቱ አድርጎ ስለሚያውቅ፣ እያንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ የራሱ አድርጎ እንደሚያውቀው በሐሳቡም አልመጣ። ልጅቷም፣ እንዲያ የፈጠነች፣ በዚህ በኩል ሳታየው አለፈች።

ሚስቲቱ ፊቷ እስካልታየ ድረስ እሺ አለች። ዲዛይነሯ የደንበኞቹን ምስክርነት አነበበችላት። «ስስቅ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም» የሚለው ጋ ስትደርስ ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች፤ ካሜራው ጠቅ አለ። አፍ ብቻ ሆኖ፣ ደገፍ ካለችው ጥርስ ጋር፣ ዌብሳይቱ ግንባር ላይ ተለጠፈ።

ልብስ ሰፊዋ ስልኳ ላይ አየችው። ከዚያ በኋላ ማን እንዳየው መቁጠር አያስፈልግም።

በማግሥቱ ባለቁልፉ ሱቁን ሲከፍት አስተማሪው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ዘለላቸውን ይዘው። ፊታቸው አመድ መስሏል። «አዋረድከኝ» አሉት በሹክሹክታ። «አፌን አደባባይ አወጣኸው።» ገና መልስ ሳያገኙ ባለቤታቸው ከነቁልፋቸው ገቡ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉ ባለቤታቸው።

«ቁልፍ ነዋ! አንቺስ?»

«ቁልፍ።»

«ምን በር ኖሮን ነው ሁለት ሰው ቁልፍ የሚያስቀርጸው?»

«እኔም እሱን ልጠይቅህ ነበር።»

ወዲያው ጡረተኛው ሾፌር ገባ፣ ቁልፍ ይዞ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ገባች፣ ቁልፍ ይዛ። ቀጥሎ የገባው ሰው ቦታ ስላጣ ሞርሳው ላይ ተቀመጠ። ሱቋ እንደ ጠዋት አውቶቡስ ታጨቀች። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ስለ ቁልፍ ያወራል። «የዘንድሮ ቁልፍ እንደ ድሮው አይደለም» ይላል አንዱ። «ብረቱ ነው እኮ፣ ብረቱ!» ይላል ሌላው። ዲዛይነሯ ዌብሳይቱን ስንት ሰው እንዳየው ልታበስር ደስ ብሏት ብትመጣ በሩ ላይ ተገትራ ቀረች። ከኋላዋ ልብስ ሰፊዋ «ምንድን ነው ግርግሩ?» እያለች አንገቷን አሰገገች፤ በእጇ ቁልፍ ይዛለች።

«ለማንኛውም» አለ ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ያ ፎቶ ቢወርድ ጥሩ ነው።»

«ምን አስጨነቀህ? የማን መሰለህና?» አሉ አስተማሪው።

«የማንም ይሁን! ይውረድ!»

«የማንም አይደለም! የኔ ነው!» ብለው ጮኹ አስተማሪው፤ ወዲያው የተናገሩትን ሰሙት።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ቁልፍ እንኳ አልተንቃጨለም።

«ኧረ እባክዎ!» አለች የሻይ ቤቷ ባለቤት ደሟ ፈልቶ። «የርስዎ? ያቺን ደገፍ ያለችዋን ጠዋት ጠዋት በመስታወት ስስማት የኖርኩት እኔ ነኝ!»

«የኔ ናት እንጂ! የትኛዋ ደገፍ እንደምትል ከኔ በላይ ማን ያውቃል?» አለ ሾፌሩ።

«ለሁላችሁም የማትሆን!» አሉ የአስተማሪው ባለቤት። «እሷ የኔ ናት!»

አስተማሪው ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ሚስታቸውም ወደ እሳቸው። ስንት ዓመት አንድ ትራስ የተጋሩ ሰዎች ናቸው፤ እንደዚያ ዓይን ለዓይን ተያይተው ግን አያውቁም። «አንቺም?» አሉ። «አንተም?» አሉ ባለቤታቸው። «እኔ እኮ አልጋ ሥር ያለው ብርጭቆ የድመቷ ይመስለኝ ነበር!»

በዚህ መሐል ሚስቲቱ የባሏን ምሳ በሳህን ከድና መጣች። ሰዉን ስታይ ፊቷ በራ፤ ዌብሳይቱ ሠራ ብላ። አፏን ሳትከፍት የጓሮው በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። መጋረጃው ተገለጠ። ባለመጋዘኑ ክንድ የሚያህል ቁልፉን እያወዛወዘ ወጣ።

«ማን ፈቅዶልህ ነው አፌን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍከው?» ብሎ አንባረቀ። ከዚያ እህቱን አያት። ቀጥሎ የሞላውን ሰው አየ። «…የመጋዘኑን ማለቴ ነው» አለ። «የመጋዘኑን በር።»

«ወንድም ጋሼ!» አለች ሚስቲቱ። «አንተም?»

«ምን እኔም? ቁልፍ ላስቀርጽ ነው የመጣሁት!»

ሁሉም አንድ ላይ መጮህ ጀመረ። የኔ ነው፣ የኔ ነው፣ ይውረድ፣ ይነሳ። ሚስቲቱ ሳህኑን መደርደሪያው ላይ አላተመችው።

«ዝም በሉ አንድ ጊዜ! ምን ነካችሁ? ፎቶው የኔ ነው! እዚሁ፣ እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የተነሳሁት!»

«ያንቺ?» አለች የሻይ ቤቷ ባለቤት። «አሳይን እስቲ!»

ሴትዮዋ አሳየች። የደስታ ፈገግታ አልነበረም፤ መታወቂያ እንደሚያሳይ ሰው ጥርሷን ብልጭ አደረገች። ሰዉ ሁሉ አየና አፉን ከፈተ። አፉ ሲከፈት እሷም አየች። አስተማሪው አፍ ውስጥ ጥርሷ አለ። ሾፌሩ አፍ ውስጥ ጥርሷ አለ። የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሞርሳው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ፣ የገዛ ወንድሟ፤ የተጨናነቀው ክፍል በሙሉ ደገፍ ባለች ጥርስ ይመለከታታል። ዲዛይነሯ ብቻ ናት የራሷ ያላት።

ሚስቲቱ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ሰውዬ። የኔን ሳቅ ነው ለዚህ ሁሉ ሰው ያደልከው?»

ባለቁልፉ ሞረዱን በእጁ ያገላብጣል። «ሌላ የሚያምር አላውቅማ» አለ።

«ለወንድሜም?»

«ለእሱ ትንሽ አስፍቼዋለሁ።»

ሴትዮዋ በሳህኑ ትለው ወይስ ታቅፈው ለጊዜው ያልወሰነች ትመስል ነበር። አስተማሪው ግን እንደምንም ክብራቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ለማንኛውም እመቤት፣ ፎቶው ቢወርድ ለሁላችንም…» ብለው ጀመሩ።

«አይወርድም!» አለች። «ጥርሱ የኔ ነው፤ የተዋሳችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሰዉ አንድ በአንድ እየተሹለከለከ ወጣ፤ ሲወጣ ግን አንድ አንድ አዲስ ቁልፍ ከግድግዳው እየነቀለ። ውጭ እንደደረሱ ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ቢጠየቁ ማንም ማንንም እዚያ አላየም ነበር።

የባለቁልፉ ጭንቀት ግን አልቀለለም። እንዲያውም ባሰ። የድሮዎቹ ደንበኞች ለጊዜው ድርሽ ማለት ተዉ፣ አዲስ ሰውም አልመጣ። ደመናው ከበደ። ባለመጋዘኑ፣ ሱቁ ከተዘጋ ነገሩም አብሮ ይዘጋል ብሎ ነው መሰለኝ፣ «ሰኞ ይጀምር!» ብሎ ላከ። ሚስቲቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ለባሏ ብዙ አትናገርም፤ ስታልፍ ግን መስታወት ፊት ቆም ማለት አብዝታለች። ቃሏ ግን ቃል ነው። ቅዳሜ ባዶ ካርቶኖች ይዛ መጣችና መንጋጋዎቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመሩ፣ እሷ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ። የመጀመሪያው ካርቶን ሲሞላ ባለቁልፉ መክደን አልሆነለትም። ይዞት ተቀመጠ።

ያኔ ነው ከውጭ ድምፅ የመጣው።

«ጥርስ የሚሠራው ሰውዬ ቤት ይሄ ነው?»

እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ መንገድ ተሰምቶ አያውቅም። መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቆመ። አንዲት ወፍራም አሮጊት፣ ድዳቸው እንደ ሕፃን የሚያበራ፣ ዱላቸውን እየመቱ ገቡ። ከኋላቸው ሁለት እህቶቻቸው፣ የነሱም እንዲሁ። በእጃቸው ምንም የለም።

«ቁልፍ… ነው እትዬ?» አለ ባለቁልፉ ከልማዱ።

«የምን ቁልፍ!» አሉ አሮጊቷ። «ከከተማው ወዲያኛው ዳር ነው የመጣን፤ በአውቶቡስ ተንገላተን። የልጅ ልጄ በስልኳ ስታነብልኝ፣ በቁልፍ ለውዝ በላሁ ትላለች አንዷ። ከቶ በቁልፍ ለውዝ የሚበላ ሰው የት አለ? ይሄማ ሰዉ አፍሮ ነው እንጂ ነገሩ ጥርስ ነው አልኳት። ሰፈራችሁ የሚያፍር ይፈር፣ እኔን እዚህ ማን ያውቀኛል? እንደዚያ ፎቶው ላይ እንዳለችው አድርግልኝ።»

ባለቁልፉ አንገቱን ደፍቶ ሚስቱን በጎን አያት። ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ ጋዜጣ በእጇ እንደያዘች ቆማለች።

«የኔ ነው እትዬ» አለች። «ለሦስታችሁም ነው የምትፈልጉት?»

«ለሦስታችንም! ቤት የቀረች አንድ አክስትም አለችን።»

ሚስቲቱ ጋዜጣውን አስቀምጣ ስልኳን አወጣችና እዚያው ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ ለመጋዘንህ ሌላ ሰው ፈልግ። ባሌ ሥራ አለበት» አለች። ከስልኩ ውስጥ ጩኸት ወጣ፤ ሦስቱም እህትማማቾች ሰሙት። እሷ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ጠበቀች። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ወረደ፣ ሹክሹክታ ሆነ። «እሺ» ብላ ዘጋች።

«ምን አለ?» አለ ባለቁልፉ።

«የላይኛው ላላብኝ፣ ማክሰኞ ይየው አለ።»

ባለቁልፉ ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ ጄሶውን ማቡካት ጀመረ። ሦስቱ አሮጊቶች መጋረጃውን ገልጠው ተንጋግተው ገቡና ማን ይቅደም በሚለው ተጣሉ።

«ታላቅ እኔ ነኝ!» አሉ ዱላ የያዙት። «ዞር በሉ፣ መጀመሪያ የኔ አፍ!»